የአባዬ የአውድማ ፎቶ

አሰላ፣ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ግዛቸው፣

የጌታ ሰላም ካሉበት ድረስ ይምጣልዎ። የስዊድን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ስሙ ይመስገን በሕይወት አለን። እህትዎ እማዬ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ከሳጉሬ ገበያ የሚያስቀራት ሰው እስካሁን አልተወለደም። አባዬ ስንዴውን በኮምባይነር አሳጭዶ አስገብቷል፤ ባቄላውን ደግሞ እንደ ልማዱ በበሬ ወቅቶ ጨርሷል።

«በስልክማ ሁሉም ‹ደህና ነን› ነው የሚለው፤ ጻፊልኝ» ስላሉኝ ይኸው በቴሌግራም እንደ ድሮ ሰው ደብዳቤ ጀመርኩልዎ። የላኩልኝ ስልክ ካሜራው ጉድ ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ሥራ በሌለኝ ቅዳሜ፣ አባዬን አውድማ ላይ አነሳሁት። በሬዎቹ ከኋላው፣ የባቄላው ክምር ከጎኑ ናቸው፤ እሱ መንሹን ይዞ ጎንበስ ብሏል፤ ገለባው በላዩ ላይ ሲበተን ፀሐይ ገብቶበታል። ቢያዩት «ማን አስተማረሽ?» ይሉ ነበር። በልጅነቴ አሰላ ፎቶ ቤትዎ ውስጥ መብራት ስይዝልዎ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

አሁን አንድ ምክር ፈልጌ ነው። ሥራዬ ለገበሬ ምርጥ ዘር ማከፋፈልና ስለ አዘራር ማሰልጠን መሆኑን ያውቃሉ። ስቀጠር ስለ ፎቶ የተባለ ነገር አልነበረም። ኋላ ግን ከየመስኩ ፎቶ እያነሳን ወደ ቢሮው ግሩፕ እንድንልክ ታዘዝን። ፎቶዎቻችን ካላንደር ላይ ይወጣሉ፤ ውጭ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ለረጂዎች በሚያሳየው ሪፖርት ላይም ይወጣሉ። ክፍያ የለም፤ የአንሺው ስም እንኳ አይጻፍም። ባልደረባዬ ሚፍታ «ተጨማሪ ክፍያ እንጠይቅ» ይላል። እኔ አፈርኩ። ደመወዝ እየበሉ ደግሞ ለፎቶ ክፈሉኝ ማለት ስግብግብነት አይሆንም? የአባዬን ፎቶማ ማንም ሳያዘኝ ነው የላክሁላቸው፤ ስሙንም ጽፌበታለሁ። በጣም ስለኮራሁበት ነው። እርስዎ ፎቶ ሸጠው የኖሩ ሰው ነዎትና ይፍረዱ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ፣
ፈናን ነጋሳ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ፈናን፣

እግዚአብሔር ያሳድግሽ እንዳልልሽ አድገሻል፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ። እኔ ደህና ነኝ። ዘንድሮም እዚያው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ። አንሶላ ደግሞ ፈገግ በል ቢሉት አይልም።

«አፈርኩ» የምትለዋን ቃል ከእናትሽ ነው የወረስሻት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም? ፎቶ ቤት ሳለሁ ለጉርድ ፎቶ የመጣው ሁሉ «አንዴ ጠቅ ለማድረግ ይህን ያህል?» ብሎ ይነታረከኝ ነበር። «ጠቅ ማድረጉንማ በነፃ ነው ያደረግሁልህ፤ የምትከፍለኝ አገጭህን ቀና ስላደረግሁት ነው» እለው ነበር። ያቺን አገጭ ቀና ማድረግ ሙያ ነው፣ ልጄ። ሙያ ደግሞ ይከፈልበታል።

እርግጥ ነው፣ በሥራ ሰዓት በቢሮው ካሜራ ያነሳሽው ያከራክራል። አለቃሽም የሚለው አያጣም። ቅዳሜሽን ሰውተሽ በገዛ ስልክሽ ያነሳሽው ግን ምን ያከራክራል? ያንቺ ነው። በነፃ የሰጠሽው ነገር ደግሞ ነገ እንደ ግዴታ ይቆጠርብሻል። ስለዚህ ከሚፍታ ጋር ሆናችሁ ግቡና ጠይቁ። በትሕትና፣ ግን ሳትሽኮረመሙ።

ለእናትሽ ለእትዬ የውብዳር መድኃኒት የምልከው በዚህ ወር ትንሽ ይዘገይብኛል። እንዳትቀየመኝ ንገሪልኝ። ለጋሽ ነጋሳ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

አጎትሽ ግዛቸው


አሰላ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጸጋና ሰላም ይብዛልዎ። እኛ ጋ ዝናቡ ቀደም ብሎ ገብቷል፤ አባዬ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። የእማዬ ጉልበት ግን አላሻላትም። ሐኪሙ አዲስ አበባ ወስደን እንድናሳያት ነግሮናል።

እንደመከሩኝ ገባንና ጠየቅን። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍሰሐ ክፉ ሰው አይደሉም፤ መጀመሪያ ግን ሳቁብን። «ሹፌሩ ጎማ በቀየረ ቁጥር ልክፈለው?» አሉ።

«ጎማው የመኪናው ነው፤ ዓይኔ ግን የድርጅቱ አይደለም» አላቸው ሚፍታ።

እሳቸውም ቆጣ ብለው «ደመወዛችሁ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ረጂ ፎቶውን አይቶ ነው የሚሰጠው። ፎቶው የሥራው አካል ነው» አሉን። እውነቴን ነው የምልዎ፣ ይሄኛው ነገራቸው ልቤን ነካው። ሚፍታ ግን አልተበገረም። «እንግዲያው ረጂው የሚሰጠው በእኛ ፎቶ ከሆነ ለእኛም ትንሽ ይድረሰን» አለ።

ጥያቄያችንን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እንጽፋለን ብለው ለቀቁን። ይኸው ትናንት መልስ መጣ። ከፎቶዎቹ ሁሉ አንዱን ለትልቅ ዘመቻ መርጠውታል፤ ለአንሺውም ከሁለት ወር ደመወዜ የሚበልጥ ማበረታቻ ይሰጣሉ። ፎቶው የአባዬ ነው! የአውድማው! በመስከረም አካባቢ በአውሮፓ ከተሞች ይሰቀላል፤ የእርስዎም ጎተንበርግ አለችበት። ማበረታቻው በሰላም ከተከፈለ ደግሞ ከእንግዲህ ለተመረጠ ፎቶ ሁሉ ለሠራተኛው ይከፈላል ብለዋል። ሚፍታ ሲሰማ አቀፈኝ። ሦስት ልጅ አለው፤ የቤት ኪራዩም ጨምሮበታል።

ብሩ እንደመጣ እማዬን አዲስ አበባ አሳክማታለሁ። ለአባዬ አልነገርኩትም፤ ላስደንቀው ብዬ ነው።

ፈናን


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጎበዝ! እሰይ የእኔ ልጅ!

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ብቻዬን ስስቅ አይተው ምን ነካው አሉኝ። ጋሽ ነጋሳ ጎተንበርግ ሊመጣ ነው! እኔን ወደዚህ ለመላክ ሁለት በሬ የሸጠው ሰውዬ ይኸው በፎቶው ተከትሎኝ መጣ። አማች ነው አይባልም፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። በየባቡር ማቆሚያው እፈልገዋለሁ። ሳገኘው አጠገቡ ቆሜ ፎቶ ተነስቼ እልክልሻለሁ።

ደስ ያለው አጎትሽ


አሰላ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ጳጉሜ ላይ የጻፍኩልዎን አንብበውታል፤ ምልክቱን አይቻለሁ። መልስ ግን የለም። ደወልኩ፣ አላነሱም። ታመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ለእማዬ ሥራ በዝቶበት ነው ብያታለሁ፤ ያመነችኝ አልመሰለኝም።

እሷ አሁን ያለ ከዘራ አትሄድም። ማበረታቻው እስካሁን አልደረሰኝም፤ የሚፈረም ወረቀት ይመጣል እየተባለ ነው። ይህን የምጽፈው ብር ይላኩልን ለማለት እንዳይመስልዎ። ድምፅዎን ብቻ ነው የፈለግሁት። ፎቶው ተሰቀለ? አዩት?

ፈናን


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፈናን፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልታመምኩም። የምጽፈው ስለጠፋኝ ነው የቆየሁት። ዛሬ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

አይቼዋለሁ። ከጳጉሜ በፊት ነው ያየሁት፤ ከሥራ ስመለስ ባቡር የምጠብቅበት ቦታ ላይ ተሰቅሏል፣ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ጋሽ ነጋሳ በዚያ በተቦጨቀ ኮቱ፣ ወገቡን በገመድ አስሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ጎንበስ ብሏል። በሬዎቹን ቆርጠው አውጥተዋቸዋል፤ የባቄላው ክምርም የለም። ከበላዩ በትልቁ «ነጋሳ ዛሬ የሚበላው የለውም» ይላል። ከታች ደግሞ ገንዘብ የሚላክበት ቁጥር አለ።

ያ ኮት የውቂያ ኮት መሆኑን እኔና አንቺ እናውቃለን። የባቄላ ገለባ እንዴት እንደሚያሳክክ የሚያውቅ የሳጉሬ ሰው ሁሉ ለዚያ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ቡትቶ አለው። ደህና ልብስ ለብሶ አውድማ የሚገባ ቢኖር መሳቂያ ነው የሚሆነው። እዚህ ግን ይህን ማን ያውቃል? ዘር ያነሰው ጎረቤት ሁሉ በሩን የሚያንኳኳው ነጋሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ነጋሳ፣ ይኸው በስዊድንኛ ይለመንበታል። ፎቶው ደግሞ ግሩም ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ከዚህ የባሰ አለ። አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ ሴትዮ አጠገቤ ቆማ ነበር። እሷ እንኳ ከደመወዟ በየወሩ ለዚህ ነገር እንደምትሰጥ ነገረችኝ። ከዚያ እየሳቀች «አንተ ከዚያ አገር አይደለህ? ይህን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» አለችኝ። ቀልዷን ነበር።

«አላውቀውም» አልኳት።

ሁለት በሬ ሸጦ የላከኝን ሰው አላውቀውም አልኩ፣ ፈናን። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ማቆሚያ ትቼ በእግሬ ነው የምሄደው። የማስታወቂያውን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አስወርጂው። ለአባትሽ ግን አደራ አትንገሪው።

ግዛቸው


አሰላ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ጋሽ ግዛቸው፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የላኩልኝን ምስል ቢሮው መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ አቶ ፍሰሐ ዘንድ ገባሁ።

ምስሉን አሳየኋቸው። «ጽሑፉን እኛ አልጻፍነውም፣ እዚያ ነው የጻፉት» አሉኝ። ይውረድልኝ አልኳቸው። ይህኔ ከመሳቢያቸው ወረቀት አወጡ። የማበረታቻው ወረቀት መጥቷል! ከፈረምኩ ብሩ በሳምንቱ ይገባልኛል፤ ፎቶው ደግሞ ለዘለቄታው የድርጅቱ ይሆናል፣ እንደፈለጉ ይጽፉበታል። ካልፈረምኩ ዋናው መሥሪያ ቤት ያወርደዋል፣ ብሩም ይቀራል። «ከሁሉም በላይ» አሉኝ፣ «የመጀመሪያዋ ተከፋይ አንቺ ነሽ። ያንቺ ከፈረሰ ‹የአገሬው ሠራተኛ ክፍያ ጣጣ አለው› ብለው ለሁሉም ይሰርዙታል። እኔ አላስፈራራሽም፤ የሚሆነውን ነው የምነግርሽ።»

ለሚፍታ ነገርኩት። ያዝንልኛል ብዬ ነበር። «አባትሽ ሳጉሬ ነው ያለው፣ ስዊድን ማን ያውቀዋል? የእኔ ልጆች ግን አሰላ ነው ያሉት» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ አብሮኝ አይጠጣም።

ላሟ እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ብፈርም አባዬ ለማኝ ሆኖ ይቀራል፤ ባልፈርም እማዬ ሳትታከም ትቀራለች፣ ሚፍታም ይቀየመኛል። አይቆጡኝና፣ «ጠይቂ፣ አትፈሪ» ያሉኝ እርስዎ ነበሩ። ፎቶውን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። አንድም ሰው ሳይጠይቀኝ፣ አባዬንም ሳልጠይቀው።

እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንድሰጥ ተነግሮኛል።

ፈናን


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈናን፣

ቁጣሽ ይገባኛል። አትፈርሚ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ አባትሽ ደግሞ ገና በሕይወት ያለ ሰው ነው። ለእናትሽ ሕክምና እኔ ተበድሬም ቢሆን እልካለሁ፤ እስካሁን ያልላክሁት ስለሌለኝ እንጂ ስለረሳሁ አይደለም። ይህንንም ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ለጋሽ ነጋሳ ግን አትንገሪው። እለምንሻለሁ። ይወርድና በዚያው ይለቅ።

ግዛቸው


አሰላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። አደራዎን በላሁ። ነገርኩት።

ሳልነግረው እምቢ ብል ኖሮ ለሁለተኛ ጊዜ ሳልጠይቀው በእሱ ላይ መወሰኔ ነው። ኅዳር ሳያልቅ፣ ቅዳሜ በሚኒባስ ሳጉሬ ሄድኩ። አባዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የበሬ ማነቆ ይጠግን ነበር። ስልኩን ሰጠሁት። ከዓይኑ አራቀው፣ ደግሞ አቀረበው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«ነህ፣ አባዬ።»

«በሬዎቼስ?»

«ቆርጠዋቸው ነው።»

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

ነገርኩት። ስለ ብሩም፣ ስለ ወረቀቱም፣ ስለ ሚፍታም ነገርኩት። እማዬ ከውስጥ ሰምታ በከዘራዋ እየተደገፈች ወጣች። «ለእኔ ጉልበት ብለሽ ነው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። አባዬ ሁለታችንንም አላየንም። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሰዎቹ ግን አምነው ሰጡ?» አለኝ።

«አንዳንዶቹ ሰጥተዋል። በየወሩ የሚሰጡም አሉ።»

«ለእኔ ብለው?»

«ላንተ ብለው።»

«እንግዲያው የሰው ገንዘብ በልቻለሁ።»

«አንተ እኮ ምንም አልደረሰህም፣ አባዬ!»

«በስሜ ተበልቷል፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ሆዱ ሲባባ በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ግቢ የጭነት መኪና ገብቶ ቆመ። አባዬ ከጋቢናው ወረደ፤ ለሽምግልና የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ባርኔጣውንም አድርጓል። ከኋላው ስንዴ ተጭኗል፣ ለዘር ያስቀመጠው ሳይቀር። አቶ ፍሰሐ ወጡ። ማን እንደሆነ ስነግራቸው እጃቸውን ዘርግተው ጎንበስ አሉ። እሱም እጃቸውን ጨብጦ እንዲህ አላቸው፦

«ነጋሳ እኔ ነኝ። የሚበላው የለውም ያላችሁት። በስሜ የተለመነውን ልመልስ ነው የመጣሁት። ይህ ካልበቃ ቀሪውን በሚቀጥለው መኸር አመጣለሁ።»

«አባቴ፣ እኛ እኮ ስንዴ አንቀበልም» አሉት። «ወደዚያስ በምን እንልከዋለን?»

«ስትለምኑልኝ ገንዘቡ በምን እንደመጣ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። መላክ ካቃታችሁ በእውነት ለተቸገረ ስጡት። ለእነዚያ ሰዎች ግን ነጋሳ መልሷል ብላችሁ ጻፉላቸው።»

ሠራተኛው ሁሉ በመስኮት ያያል። መጀመሪያ መጥቶ ጆንያ የተሸከመው ሚፍታ ነው። አባዬን «እንደምን አደሩ» አለው፤ እኔን ግን ቀና ብሎም አላየኝም።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ፎቶው እንደወረደ ጽፈውልናል። የፎቶ ክፍያው አቶ ፍሰሐ እንዳሉት ለሁሉም ተሰርዟል፤ ፎቶ መላኩ ግን እንደ ድሮው ግዴታ ነው። የእኔ ቅጥር ሰኔ ላይ የሚታደስ አይመስለኝም። እማዬም አልታከመችም። ተበድረው እንዳይልኩ፤ አባዬ ሰምቶ «ይበቃናል፣ ሌላ ዕዳ አልፈልግም» ብሏል። «አላውቀውም» ያሏትን ግን አልነገርኩትም። እሱን እርስዎ ራስዎ ደውለው ይንገሩት። ስልክዎን ይጠብቃል፤ ጠፋ እያለ በየቀኑ ይጠይቀኛል።

ስንዴው ተራግፎ ሲያልቅ አባዬ ባርኔጣውን አስተካከለና «አንሺኝ» አለኝ። ከጆንያዎቹ አጠገብ ቆመ። አገጩን ቀና አድርግ ማለት አላስፈለገኝም። ፎቶውን ለአቶ ፍሰሐ አሳይቼ ለእነዚያ ሰዎች ‹ነጋሳ መልሷል› ከሚለው ደብዳቤ ጋር ይላክልኝ አልኳቸው። ደጋግመው አዩትና «ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ለእነሱ አይሆናቸውም» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

አባዬ መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ ዞረ።

«ለዚህኛው ይከፍሉሻል?»

«አይከፍሉኝም፣ አባዬ።»

«ደግ» አለ። «እንግዲያው ይሄ የእኛ ነው።»

ፈናን ነጋሳ